የሚሸከም መሬት፦ በዝላይ ጨዋታዎች ውስጥ ስለሚንቀሳቀሱ መረገጫዎች

በቪዲዮ ጨዋታ ዓለም ውስጥ እንደ መሬት ቀላል የሚመስል ነገር የለም። ገጸ ባሕርዩ ይቆምበታል፣ ይሮጥበታል፣ ከእሱ ተነሥቶ ይዘላል፤ መሬቱ ግን ምንም አያደርግም። መሬቱ ራሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነገሩ ይለወጣል። በተጨባጩ ዓለም በሊፍት ውስጥ የቆመ ሰው ከሊፍቱ ጋር የሚወጣው፣ በጋሪ ላይ የተቀመጠ ሰውም ከጋሪው ጋር የሚሄደው ማንም ትእዛዝ ስለ ሰጠው አይደለም፤ ስበት፣ ሰበቃና ኢነርሺያ ሥራቸውን ስለሚሠሩ ነው። በጨዋታው ዓለም ግን ፕሮግራመሩ ያልጻፈው ሕግ አይሠራም። ሰበቃ ካልተጻፈ ሰበቃ የለም። ስለዚህ ጀማሪ የጨዋታ ሠሪ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገጥመው ትዕይንት ይህ ነው፦ መረገጫው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ በላዩ የቆመው ገጸ ባሕርይ ግን በነበረበት ቦታ ይቀርና ጠርዙ ከእግሩ ሥር ሲያልፍ ይወድቃል።

ይህ ጽሑፍ በዝላይ ጨዋታዎች ውስጥ የሚገኙ፣ የሚንቀሳቀሱና ለተጫዋቹ ድርጊት ምላሽ የሚሰጡ ነገሮች እንዴት እንደሚሠሩ፣ በተለይም ገጸ ባሕርዩን እንዴት እንደሚሸከሙና እንደሚገፉ ያስረዳል። የጉዳዩ ክብደት ከቴክኒክ ያልፋል። ተጫዋቹ ገጸ ባሕርዩ በሞተ ቁጥር ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ በልቡ ይፈርዳል። «ዘግይቼ ዘለልሁ» ካለ ደግሞ ይሞክራል፤ «ቁልፉን ተጭኜ ነበር፣ ጨዋታው ግን አልሰማኝም» ካለ ጨዋታውን ይተወዋል። የሚንቀሳቀስ መረገጫ ይህ ፍርድ አዘውትሮ የሚሰጥበት ስፍራ ነው።

ስለ ስያሜው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ፕላትፎርመር የሚባለውን የጨዋታ ዘርፍ «የዝላይ ጨዋታ»፣ ፕላትፎርም የሚባለውን ነገር ደግሞ «መረገጫ» ብዬዋለሁ። «መድረክ» የሚለው ቃል ለጆሮ የቀረበ ቢሆንም፣ ተናጋሪ ወይም ተዋናይ የሚቆምበትን ሰፊና የረጋ ስፍራ ያስታውሳል፤ እዚህ የምንነጋገርበት ነገር ግን አንዳንዴ ከጫማ እምብዛም የማይሰፋ፣ ደግሞም የማይረጋ ነው።

የሚንቀሳቀስ መረገጫ ከዘርፉ ጋር አብሮ አድጓል። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣውና ሺገሩ ሚያሞቶ በነደፈው ዶንኪ ኮንግ ውስጥ፣ 75 ሜትር በሚባለው ደረጃ፣ ያለ ማቋረጥ የሚወጡና የሚወርዱ ሊፍቶች አሉ፤ ተጫዋቹ ጊዜውን ጠብቆ በእነሱ ላይ መሻገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ዓይነቱን አበዛው። የሚመላለሱ አሉ፤ ሲረገጡ የሚወድቁ አሉ፤ እንደ ሚዛን በገመድ ተያይዘው አንዱ በገጸ ባሕርዩ ክብደት ሲወርድ ሌላው የሚነሣም አለ። የመጨረሻው ዓይነት ለጉዳያችን ልዩ ትርጉም አለው። የዶንኪ ኮንግ ሊፍት ማንም ይሳፈርበት ማንም አይሳፈርበት መንገዱን ይሄዳል፤ ሚዛኑ ግን በላዩ ሰው መኖሩን ያውቃል። «ማን በላዬ አለ?» የሚለውን ጥያቄ በትክክል መመለስ፣ ቀጥሎ እንደምናየው፣ የችግሩ ሁሉ መነሻ ነው።

አንድ ጨዋታ በአብዛኛው በሰከንድ 60 ጊዜ ዓለሙን እንደ አዲስ ያሰላል። እያንዳንዱ ስሌት ፍሬም ይባላል። በፍሬሙ ውስጥ ፕሮግራሙ የተጫኑትን ቁልፎች ያነባል፣ ነገሮችን ያንቀሳቅሳል፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተጋጨ ይመረምራል፣ በመጨረሻም ሥዕሉን ይሥላል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ «በመሬት ላይ መቆም» የሚባል ቀጣይ ሁኔታ የለም። ያለው በየፍሬሙ የሚነሣ ጥያቄ ነው፦ ከእግሩ ሥር አንድ ፒክስል ዝቅ ብንል ጠንካራ ነገር እናገኛለን? መልሱ አዎ ከሆነ መዝለል ይፈቀዳል፤ አይደለም ከሆነ ገጸ ባሕርዩ በአየር ላይ ነው፣ የመዝለያው ቁልፍም አይሠራም።

ወደ ጎን የሚሄድ መረገጫ ስሕተቱን በግልጽ ስለሚያሳይ አታላይ አይደለም። አታላዩ ወደ ታች የሚወርደው ነው። አንድ መረገጫ በሰከንድ 120 ፒክስል ይወርዳል እንበል፤ ይህም በየፍሬሙ 2 ፒክስል ነው። ስበቱ ደግሞ የገጸ ባሕርዩን የመውደቅ ፍጥነት በየሰከንዱ በ900 ፒክስል በሰከንድ ይጨምራል፤ ማለትም በየፍሬሙ በ15። ከመረገጫው ጋር የሚያያይዘው ምንም ነገር ስለሌለ፣ ገጸ ባሕርዩ በመጀመሪያው ፍሬም 0.25 ፒክስል ብቻ ይወድቃል፤ መረገጫው ግን 2 ፒክስል ወርዷል። በሁለተኛው ፍሬም የወደቀው በድምሩ 0.75 ሲሆን መረገጫው 4 ደርሷል። ልዩነቱ በሰባተኛውና በስምንተኛው ፍሬም 7 ፒክስል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ እየጨመረ የሚሄደው ገጸ ባሕርይ መረገጫውን ማሳደድ ይጀምርና በ15ኛው ፍሬም ሁለቱም 30 ፒክስል ወርደው ይገናኛሉ። ሲያርፍ የመውደቅ ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ፍሬም መረገጫው እንደገና ጥሎት ይሄዳል።

ውጤቱ ምንድን ነው? ከ15 ፍሬሞች ውስጥ ገጸ ባሕርዩ መሬት የሚነካው በአንዱ ብቻ ነው። ተመልካች የሚያየው ጥቂት የሚንጠባጠብ ምስል ነው፤ ተጫዋቹ ግን የሚያጋጥመው የባሰ ነው። የመዝለያውን ቁልፍ በየትኛውም ቅጽበት ቢጫን የመሰማት ዕድሉ ከ15 አንድ ነው። ወደ ታች የሚወርድ መረገጫ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጉድጓድ ወይም ወደ እሳት የሚወስድ ስለሆነ፣ መዝለል እጅግ በሚያስፈልግበት ስፍራ መዝለል የማይቻል ይሆናል። ብዙ ጀማሪዎች ስበቱን በመጨመር ይህን ሊያርሙት ይሞክራሉ፤ ችግሩ ግን ከስበት አይደለም። ገጸ ባሕርዩ ተሳፋሪ መሆኑ በፕሮግራሙ ውስጥ የትም አልተጻፈም።

ቀላሉና በሰፊው የሚታወቀው መፍትሔ ገጸ ባሕርዩን የመረገጫው «ልጅ» ማድረግ ነው። እንደ ዩኒቲ ባሉ የጨዋታ ኢንጂኖች ውስጥ ነገሮች በወላጅና በልጅ ዝምድና ሊያያዙ ይችላሉ፤ ወላጁ ሲንቀሳቀስ የልጁ ቦታ አብሮ ይሄዳል። ለፈጣን ሙከራ ይበቃል። ይሁን እንጂ ልጅ ከወላጁ እንቅስቃሴን ብቻ አይወርስም፤ መዞርንና መለጠጥንም ይወርሳል። መረገጫው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተለጠጠና የሚዞር ከሆነ የተሳፋሪው ቅርጽ ሊዛባ ይችላል። ከዚህም ሌላ የዩኒቲ የፊዚክስ ስሌት፣ ካልተለወጠ በቀር፣ በየ0.02 ሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ይካሄዳል፤ ስክሪኑ ደግሞ በሰከንድ 60 ጊዜ ሊሣል ይችላል። መረገጫው በአንዱ ሰዓት፣ ገጸ ባሕርዩ በሌላው ሰዓት ከተንቀሳቀሱ፣ ዝምድናቸው እያለ ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

ከዚህ ይልቅ በጥንቃቄ ሊጠና የሚገባው፣ ታወርፎልና ሰለስት ለተባሉት ጨዋታዎች የተሠራው ሥርዓት ነው። ሠሪዋ ማዲ ቶርሰን አሠራሩን በጽሑፍ አብራርታዋለች፤ የሰለስት ገጸ ባሕርይ የተጻፈበት ኮድም በይፋ ተለቅቋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሰለስት ተራራ ስለምትወጣ ሴት የሚተርክ ጨዋታ ነው፤ ዓለሙ 320 በ180 ፒክስል በሆነ ጠባብ ምስል ላይ የተመሠረተ ስለሆነ አንድ ፒክስል እንኳ ጎልቶ ይታያል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያሉት አካላት ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ተዋናዮች ናቸው፦ ገጸ ባሕርይዋና የመሳሰሉት። ሁለተኛው ወገን ጠጣሮች ናቸው፦ ግድግዳ፣ መሬት፣ መረገጫ። ተዋናይና ጠጣር ፈጽሞ አይደራረቡም። ተዋናይ ሲንቀሳቀስ ጠጣር ያግደዋል፤ ጠጣር ሲንቀሳቀስ ግን ማንም አያግደውም። በመንገዱ ያገኘውን ተዋናይ ይገፋል፣ በላዩ የተሳፈረውን ይሸከማል፣ መንገዱንም ይጨርሳል።

የዚህ ክፍፍል ትርፍ በመጀመሪያ ሲታይ አይገመትም። ሁሉም ነገር ሁሉንም የሚገፋበት ዓለም ቢሆን፣ «መረገጫው ገጸ ባሕርይዋን ሲገፋ፣ ገጸ ባሕርይዋም በግድግዳ ስትታገድ፣ መረገጫው ይቁም?» የሚለው ጥያቄ ማለቂያ የለውም። እዚህ ግን መልሱ አስቀድሞ ተሰጥቷል፦ መረገጫው አይቆምም። ገጸ ባሕርይዋ በሁለት ጠጣሮች መካከል ከተያዘች ተጨፈለቀች ማለት ነው፤ ተዋናዩ ሌላ ምላሽ ካልተጻፈለት በቀርም ከዓለሙ ይወገዳል። ጨካኝ ሕግ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ተጫዋቹ ሊማረው ይችላል።

የሥርዓቱ ሁለተኛ ምሰሶ የቁጥር ምርጫ ነው። የማንኛውም አካል ቦታ ሙሉ ቁጥር ነው፤ ግማሽ ፒክስል የሚባል ነገር የለም። ታዲያ በሰከንድ 40 ፒክስል የሚሄድ መረገጫ በየፍሬሙ 0.667 ፒክስል እንዴት ይሄዳል? ቀሪውን በማስቀመጥ። በመጀመሪያው ፍሬም 0.667 ወደ 1 ይጠጋጋል፤ መረገጫው 1 ፒክስል ይሄድና የ0.333 ዕዳ ይመዘገብበታል። በሁለተኛው ፍሬም ከ0.667 ላይ ዕዳው ሲቀነስ 0.333 ይቀራል፤ ይህ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋጋ መረገጫው ባለበት ይቆያል፣ የተረፈው ግን ተቀማጭ ይሆንለታል። በሦስተኛው ፍሬም ተቀማጩ ከአዲሱ ጋር ተደምሮ 1 ይሞላል፣ ሒሳቡም ይዘጋል። በሦስት ፍሬም 2 ፒክስል፣ ምንም ሳይጎድል።

ተሳፋሪው የሚሸከመው በዚህ በተጠጋጋው ሙሉ ቁጥር ነው እንጂ በ0.667 አይደለም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ክፍልፋዩ ለተሳፋሪው ቢሰጥና እሱም የራሱን ቀሪ ይዞ ቢያጠጋጋ፣ ሁለቱ በረጅም ጊዜ እኩል መንገድ ይሄዳሉ፤ ነገር ግን መረገጫው በአንዱ ፍሬም፣ ተሳፋሪው በሌላው ፍሬም ሊራመዱ ይችላሉ፣ እግሩም በመረገጫው ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። የጋራ ጉዞ በአንድ መዝገብ ብቻ መያዝ አለበት።

ሦስተኛው ጉዳይ ቅደም ተከተል ነው፤ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረውም እሱ ነው። መረገጫው ከመንቀሳቀሱ በፊት የተሳፋሪዎቹን ስም ዝርዝር ይይዛል። ከተንቀሳቀሰ በኋላ ቢጠይቅ፣ በወረደ ጊዜ ማንም በላዩ አይገኝም፤ ከላይ ያሰላነው የመንጠባጠብ ችግር ይመለሳል። ዝርዝሩን ከያዘ በኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ለጊዜውም ራሱን ከግጭት ምርመራ ውጭ ያደርጋል፣ አለዚያ የሚሸከመውን ሰው ራሱ ያግደዋል። ከዚያም ተዋናዮቹን አንድ በአንድ ያያል። የተደራረበው ካለ ይገፋዋል፤ ካልተደራረበና ስሙ በዝርዝሩ ካለ ይሸከመዋል። መግፋት መሸከምን ይቀድማል፣ አንድ ተዋናይም ሁለቱ በአንድነት አይደርሱበትም። የሁለቱ መጠንም ይለያያል፦ የተሸከመው ሰው የመረገጫውን ሙሉ እርምጃ ይሄዳል፤ የተገፋው ግን የተደራረበበትን ያህል ብቻ ይለቃል። 5 ፒክስል በሚራመድ መረገጫና በገጸ ባሕርይዋ መካከል 3 ፒክስል ክፍተት ከነበረ፣ የምትገፋው 2 ፒክስል ነው። ሙሉውን 5 ቢገፋት በማይታይ እጅ እንደ ተወረወረች ትመስል ነበር።

ማን ተሳፋሪ እንደ ሆነ የሚወስነው ተዋናዩ ራሱ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። ለአብዛኛው ተዋናይ መሳፈር ማለት በላዩ መቆም ነው። የሰለስት ገጸ ባሕርይ ግን ግድግዳ ጨብጣ መንጠልጠል ስለምትችል፣ ከመረገጫው ጎን ተንጠልጥላም ተሳፋሪ ናት።

እስካሁን ያየነው ስለ መቆም ነው። መዝለል ሲመጣ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፦ ከሚሄድ መረገጫ የዘለለ ገጸ ባሕርይ የመረገጫውን ፍጥነት ይዞ ይሄዳል? ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1632 ባሳተመው የምልልስ መጽሐፍ በምትጓዝ መርከብ ውስጥ የሚዘል ሰው መርከቧ እንደ ቆመች ያህል በዚያው ቦታ እንደሚያርፍ አስረድቷል። እንደ ፊዚክሱ ከሆነ መልሱ አዎ ነው። የጨዋታ ሠሪዎች ግን በዚህ አልተስማሙም፤ ሁሉም ምክንያት አለው። ፍጥነቱ ከተወረሰ፣ ያው የዝላይ ቁልፍ ከቆመ መሬት ሲጫኑት አንድ ርቀት፣ ከመረገጫ ሲጫኑት ሌላ ርቀት ይሰጣል፤ ተጫዋቹ በጣቱ ያጠናው ልክ ይፈርሳል። ካልተወረሰ ደግሞ በፍጥነት ከሚሄድ ነገር ላይ የዘለለ ሰው በአየር ላይ ድንገት ፍሬን እንደ ያዘ ይሆናል። ጎዶ የተባለው ነፃ ኢንጂን ውሳኔውን ለሠሪው ትቶታል፦ ሙሉውን ፍጥነት መውረስ፣ ወደ ታች የሚሄደውን ብቻ ትቶ መውረስ፣ ወይም ምንም አለመውረስ።

ሰለስት ይወርሳል፣ በወሰን። የገጸ ባሕርይዋ መደበኛ የሩጫ ፍጥነት በሰከንድ 90 ፒክስል ሲሆን፣ ከመረገጫ የምትወርሰው ወደ ጎን እስከ 250፣ ወደ ላይ እስከ 130 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ መረገጫው ማጓጓዣ ብቻ አይደለም፤ ወንጭፍም ነው። በጨዋታው መጀመሪያ ምዕራፍ የሚገኘው ዚፕ ሙቨር የተባለው ብሎክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ገጸ ባሕርይዋ እስክትነካው ድረስ ቆሞ ይጠብቃል፤ ስትነካው በሐዲዱ ላይ ይወነጨፋል፣ መጨረሻው ላይ ተላትሞ ይቆማል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ትልቁን ዝላይ የሚሰጠው ሊቆም በተቃረበበት ቅጽበት ነው።

እዚህ ላይ የሰው ልጅ ጣት ችግር ይፈጥራል። ተጫዋቹ ብሎኩ ጫፍ ሲደርስ አይቶ ቁልፉን እስኪጫን ብሎኩ ቆሟል፤ በጥብቅ ሕግ ከሄድን የሚወርሰው ፍጥነት ዜሮ ነው። ስለዚህ ጨዋታው የመረገጫውን ፍጥነት ከቆመ በኋላም ለጥቂት ፍሬሞች ያስታውሳል። ተመሳሳይ ቸርነት በተራ ጠርዝ ላይም አለ፦ ከጠርዝ ከወጡ በኋላ ለ0.1 ሰከንድ መዝለል ይፈቀዳል። አንዳንዶች ይህን ተጫዋችን ማታለል ነው ይሉታል። እኔ አልስማማም። ስክሪኑ ያሳየው፣ ዓይን ያየውና ጣት የታዘዘው በአንድ ቅጽበት ሊሆኑ አይችሉም፤ መዘግየቱን ለተጫዋቹ ዕዳ አድርጎ መቁጠር ይልቅ ፍትሕ ያጎድላል።

የመረገጫውን መንገድ የሚመለከት አንድ ጉዳይ ቀርቷል። ለሚመላለስ መረገጫ ሁለት አጻጻፍ አለ። አንዱ በየፍሬሙ ባለበት ቦታ ላይ ትንሽ መደመር ነው። ሁለተኛው ቦታውን በቀጥታ ከሰዓት ማስላት ነው፦ ይህን ያህል ሰከንድ ካለፈ፣ በሳይን ቀመር መሠረት እዚህ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ስሕተትን ያጠራቅማል። የሱፐር ማሪዮ 64 ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በዊ መሣሪያ ላይ ዳግም በቀረበው ቅጂ፣ በአንዱ የባውዘር ደረጃ ውስጥ በእሳት ባሕር ላይ የሚመላለሱ መረገጫዎች እጅግ በዝግታ ወደ ላይ ይሳባሉ። ምክንያቱ የአስርዮሽ ቁጥሮች አጠጋግ ነው፦ ይህ ቅጂ ትርፉን ወደ ቅርቡ ቁጥር ሳይሆን ወደ ዜሮ አቅጣጫ ይቆርጣል፤ የመረገጫዎቹ ከፍታ ደግሞ ከዜሮ በታች ስለሆነ እያንዳንዱ ቆረጣ ጥቂት ከፍ ያደርጋቸዋል። ጨዋታውን ለቀናት ክፍት ትተው መረገጫው ከፍ እስኪል የሚጠብቁ፣ በዚህም አንዲት የዝላይ ቁልፍ ለማትረፍ የሚጥሩ ተጫዋቾች አሉ። ትዕግሥታቸው ያስደንቃል። ከሰዓት የሚሰላ መረገጫ እንዲህ አይንሸራተትም፤ ነገር ግን በመንገዱ ሊያቆሙት ወይም ሊያዘገዩት ሲፈልጉ የራሱን ሰዓት መያዝ ግድ ይሆናል። እንደ ዚፕ ሙቨር ተጫዋቹን የሚጠብቅ ከሆነም ሰዓቱ የሚጀምረው ከመነካቱ ነው።

ሰዓት ከተነሣ፣ አቅማቸው አነስተኛ በሆኑ ስልኮች ላይ የሚሆነውን ማለፍ አይገባም። 4 ፒክስል ውፍረት ያለው አንድ ብሎክ 11 ፒክስል ቁመት ባለው ገጸ ባሕርይ ላይ በሰከንድ 300 ፒክስል ይወርዳል እንበል። በሰከንድ 60 ፍሬም ሲሰላ እርምጃው 5 ፒክስል ስለሆነ ግጭቱ ይያዛል። ስልኩ ደክሞ ወደ 20 ፍሬም ቢወርድና ስሌቱ ካለፈው ጊዜ ጋር አብሮ ቢለጠጥ፣ እርምጃው 15 ፒክስል ይሆናል፤ ይህም የብሎኩና የገጸ ባሕርዩ ድምር ነው። በአንዱ ፍሬም ከራሱ በላይ የነበረው ብሎክ በሚቀጥለው ከእግሩ በታች ይገኛል፣ ጨዋታውም የተነካካ ነገር አለመኖሩን ያረጋግጣል። የዓለሙን ስሌት በማይለወጥ የጊዜ እርምጃ ማካሄድና ስልኩ ሲዘገይ ለአንድ ሥዕል ብዙ እርምጃ ማስላት ይህን ያስወግዳል። ውድ ስልክ ያለው ተጫዋች የሚሞትበት ወጥመድ ርካሽ ስልክ ያለውን ሳይነካ የሚያልፍ ከሆነ፣ ሁለቱ አንድ ጨዋታ እየተጫወቱ አይደለም። የተገላቢጦሹም ያጋጥማል፣ እሱ ደግሞ ይብሳል።

እዚህ የተገለጸው ሥርዓት የማይመልሰው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መረገጫ በመረገጫ ላይ ሲሳፈር ነው። ጠጣር ጠጣርን አይሸከምምና፣ በሚሄድ ጋሪ ላይ የሚመላለስ ሌላ መረገጫ ለማስቀመጥ የሚፈልግ ሠሪ ዝምድናውን ራሱ መጻፍ ይኖርበታል። መነሻው የታችኛውን አስቀድሞ ማንቀሳቀስ፣ እርምጃውንም ለላይኛው በሙሉ ቁጥር ማስተላለፍ ነው። ላይኛው የወረሰውንና የራሱን እርምጃ ደምሮ አንድ ጊዜ ብቻ ሲንቀሳቀስ፣ በላዩ የቆመው ገጸ ባሕርይ በአንድ ፍሬም ሁለት ጊዜ ከመሸከም ይድናል።